የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወፍ ዘራሹን ለብቻ፣ የተተከለውን ለብቻ

ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ እስከ ለገዳዲ፣ ደን ስለመቁጠር የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ስላሉ ይህን ዕትም ለእነሱ ሰጥተነዋል። የዓመት ቁጥሮቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የዓለም ሰንጠረዦች የሚዘጋጁት በዚያው ነውና። ሁለቱን አቆጣጠር ደባልቆ ሰባት ስምንት ዓመት የተዛነፈ መስመር የሚስል ሰው ብዙ ነው፤ እርሳስ ከማንሳትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የኢትዮጵያንና የቬትናምን ደን እንዲያወዳድሩ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ የመረጥኳቸው ሁለቱም ቡና አምራች ስለሆኑ ነው። ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የ2020 ሰንጠረዥ እንዳገኙት፣ ከ1990 እስከ 2020 የቬትናም ደን 56 በመቶ ሲጨምር የእኛ 11 በመቶ ቀንሷል። ከዚህ ተነሥተው «ቬትናም የተፈጥሮ ደኗን መለሰች» ብለው ደመደሙ። ባልደረባዬ ደግሞ ድምዳሜው ስሕተት ነው ይላል። ማን ነው ልክ? (መምህር፣ ሱሉልታ)

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ተማሪዎቹም ቁጥር አልሳቱም፤ የሳቱት መደቡን ነው።

ድርጅቱ «የደን ስፋት» የሚለው የሁለት መደቦች ድምር ነው። አንዱ በተፈጥሮ የሚተካ ደን ነው። በዚህ መደብ የሚበዙት ዛፎች ዘራቸውን ወፍ፣ ነፋስ ወይም ጎርፍ አምጥቶት የበቀሉ፣ አለዚያም ከወላጃቸው ጉቶ ያቆጠቆጡ ናቸው። ገበሬው ማንም ሳይዘራው ለበቀለ ነገር «ወፍ ዘራሽ» የሚል ቃል ስላለው እኛም በዚሁ እንጠራዋለን። ሁለተኛው የተተከለ ደን ነው፤ በሰው እጅ የተተከለ ወይም ሆን ተብሎ የተዘራ ዛፍ፣ ደኑ ሲደርስ ከእንጨቱ ከግማሽ በላይ የሚሆንበት ማለት ነው። በዓለም ደረጃ በ2020 ከነበረው 4.06 ቢሊዮን ሄክታር ደን 93 በመቶው ወፍ ዘራሽ፣ 7 በመቶው የተተከለ ነበር። ነገር ግን ከ1990 ወዲህ ወፍ ዘራሹ ሲቀንስ የተተከለው በ123 ሚሊዮን ሄክታር ጨምሯል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይሸወዳል።

ቬትናም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የአገሪቱ የግብርናና የገጠር ልማት ሚኒስቴር መደቦቹን ለይቶ በየዓመቱ ያወጣ ነበር። የሚኒስቴሩ ጠቅላላ ቁጥር ከፋኦው በትንሹ ይለያል፤ ለንጽጽሩ ችግር አይሆንም። በ1990 ወፍ ዘራሹ 8.430 ሚሊዮን፣ የተተከለው 0.745 ሚሊዮን ሄክታር ነበር። በ2020 ወፍ ዘራሹ 10.279፣ የተተከለው 4.398 ሚሊዮን ደረሰ። በጠቅላላው ከተጨመረው 5.5 ሚሊዮን ሄክታር ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በሰው የተተከለ ነው። ወፍ ዘራሹም አድጓል፤ 1.85 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም 22 በመቶ። ስለዚህ «ምንም አልተመለሰም» የሚልም ይሳሳታል።

ዋናው ነገር ግን መሐል ላይ ነው። የ1995ን እና የ2010ን ቁጥር አስገቡ። ወፍ ዘራሹ በ1995 ወደ 8.252 ወርዷል። ከዚያ በዓመት 1.5 በመቶ ገደማ እያደገ በ2010 10.305 ደረሰ። ከ2010 እስከ 2020 ግን ባለበት ቆመ፤ እንዲያውም 26 ሺህ ሄክታር ያህል ቀንሷል። በዚያው አሥር ዓመት ጠቅላላው ደን ከ13.388 ወደ 14.677 ሚሊዮን አድጓል። የአሥሩ ዓመት ጭማሪ እንዳለ የተተከለ ነው፤ አብዛኛውም በአምስትና በሰባት ዓመት እየተቆረጠ ለወረቀትና ለተከተፈ እንጨት (ቺፕስ) የሚሸጥ የግራር ወገን ዛፍ ነው። ተማሪዎቹ የሠላሳውን ዓመት አማካይ ቢያሰሉ ወፍ ዘራሹ በዓመት 0.66 በመቶ አደገ ይላቸዋል። በየትኛውም ዘመን ግን በዚያ ፍጥነት አላደገም፤ መጀመሪያ ወረደ፣ ቀጥሎ ፈጥኖ ወጣ፣ በመጨረሻ ቆመ።

የወጣበት ምክንያት ከእኛ ተራሮች ጋር ስለሚያያዝ ባጭሩ እንንካው። ዶይ ሞይ ከሚባለው የ1986ቱ የኢኮኖሚ ማሻሻያ በኋላ መሬት ለቤተሰብ ተከፋፈለ፤ በሜዳው ያለው የሩዝ ምርት ሲያድግ በተዳፋቱ ላይ የሚታረሰው ቀነሰ። መንግሥት ጥሬ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፣ ተራቁቶ የነበረውን ኮረብታ ከልሎ እንዲያገግም ገበሬውን በገንዘብ ደገፈ። በሌላ በኩል ለእንጨት ፋብሪካዎቿ ከላኦስና ከካምቦዲያ ግንድ አስመጥታለች፤ ማለትም ከቆረጣው ከፊሉ ድንበር ተሻገረ እንጂ አልቀረም። በማዕከላዊው ደጋ ደግሞ ቡና ሲስፋፋ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሯል። ተማሪዎቹ ቡናን ምክንያት አድርገው ከተነሡ ይህን ቢጽፉ ያምርባቸዋል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ መስመር እንምጣ። በ1990 19.26፣ በ2000 18.53፣ በ2010 17.80፣ በ2020 17.07 ሚሊዮን ሄክታር። ሲቀናነሱ በየዓመቱ 73 ሺህ ይመጣል፤ በድሮው ልክ፣ ጋሻን 40 ሄክታር ብለን ብንይዝ፣ 1,800 ጋሻ ገደማ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ማዛነፍ! ድርቅ፣ የመንግሥት ለውጥ፣ ሠፈራ፣ የችግኝ ዘመቻ አልፎበት እንዲህ ቀጥ የሚል ደን የለም። ቀጥ ያለበት ምክንያት በ2000 እና በ2013 መካከል የተለካው የለውጥ መጠን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለተዘረጋ ነው። እናም መስመሩ ስለ 1990ዎቹም ሆነ ከ2013 በኋላ ስላለው ጊዜ የሚመሰክረው የለም። የቬትናም መስመር በየጊዜው የተደረገ ቆጠራ ነው፤ የእኛ ግን የአንድ ዘመን ልኬት ተለጥጦ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ከግራፉ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

ያ 73 ሺህ ራሱ የተጣራ ቁጥር ነው። ከሥሩ በዓመት 92 ሺህ ሄክታር የጠፋና 19 ሺህ ሄክታር አዲስ የተገኘ ደን አለ። የተገኘው የባሕር ዛፍ ማሳ ነው ብንል እንኳ በተጣራው ስሌት የጠፋውን የጥድና የዝግባ ደን ያካክሳል። ሁለት አገሮችን ስታወዳድሩ የጠፋውንና የተገኘውን ሳትቀንሱ ጎን ለጎን አስቀምጡ የምንለው ለዚህ ነው።

ለክፍሉ የምንመክረው አሠራር ይህ ነው። በኤክሴል ለእያንዳንዱ አገር ሦስት ረድፍ ይሥሩ፤ ጠቅላላ፣ ወፍ ዘራሽ፣ የተተከለ። የፋኦ ሰንጠረዥ አሃዱ ሺህ ሄክታር መሆኑን ያስታውሱ፤ 17,068.5 ተብሎ የተጻፈውን አሥራ ሰባት ሺህ ሄክታር ብሎ ማንበብ የተለመደ ስሕተት ነው። ቀጥሎ ሁሉንም የመነሻውን ዓመት 100 አድርገው ይለውጡ። በሚኒስቴሩ ቁጥር የቬትናም ጠቅላላ ደን በ2020 160 ይሆናል፤ ወፍ ዘራሹ 122፣ የተተከለው 590። የኢትዮጵያ ጠቅላላ 89 ይሆናል። ዓመታዊውን ለውጥ በመቶኛ ሲፈልጉ የመጨረሻውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ፣ ውጤቱን «አንድ ሲካፈል ለዓመቱ ብዛት» ለሚለው ኃይል ያንሡ፣ 1 ይቀንሱ። ጠቅላላውን የመቶኛ ለውጥ ለ30 ብቻ ማካፈል ፍጥነቱን ያዛባል፤ ለኢትዮጵያ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ለቬትናሙ የተተከለ ደን ግን የትየለሌ ነው።

ከመሬት ስፋት በመቶኛ ማወዳደርም ይቻላል፤ ኢትዮጵያ 113 ሚሊዮን፣ ቬትናም 33 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቬትናም ለ2020 ያወጀችው ሽፋን 42.01 በመቶ ነው። ተማሪው 14.677ን ለ33.1 ቢያካፍል ግን 44 ያገኛልና ግራ ይጋባል። ሽፋኑ የሚሰላው መስፈርቱን ባሟላው 13.9 ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ ገና ለጋ የሆነው ተከላ በስፋቱ ውስጥ ቢቆጠርም በሽፋኑ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ለአንድ ዓመት፣ ለ2010፣ የኢትዮጵያ ደን በአንዱ የፋኦ ሪፖርት 12.3 ሚሊዮን፣ በሌላው 17.8 ሚሊዮን ሄክታር ነው። የትኛውን ልጥቀስ? (ተማሪ፣ ለገጣፎ)

መልስ፦ ሁለቱንም አይደባልቁ እንጂ ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የ2010 ዙር ሪፖርት ነው፣ ሁለተኛው የ2020 ዙር። በመሐል ደን አልበቀለም፤ የተቀየሩት በዋናነት ካርታውና ትርጉሙ ናቸው።

የፋኦ ትርጉም ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ መሬት፣ 5 ሜትር የሚያልፍ (ወይም ሊያልፍ የሚችል) ዛፍ፣ ከ10 በመቶ የሚበልጥ የአናት ሽፋን ይላል። አናት ማለት ቅርንጫፍና ቅጠሉ መሬቱን የሚጋርደው ክፍል ነው። ኢትዮጵያ በ2015 የራሷን ትርጉም ስታጸድቅ ግማሽ ሄክታሩን ጠብቃ ቁመቱን ወደ 2 ሜትር አወረደች፣ ሽፋኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገች። ቁመቱ ሲወርድ የቆላው ደን፣ እነ ዕጣንና ከርቤ ያሉበት አጫጭር ዛፍ ሁሉ ገባ። ሽፋኑ ከፍ ሲል እጅግ የሳሳው ወጣ። የገባው ከወጣው በለጠ። ልብ ይበሉ፣ በሁለቱ ሪፖርቶች መካከል ያለው ልዩነት 5.5 ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ ቬትናም በሠላሳ ዓመት ተከላና እንክብካቤ ያገኘችውን ያህል እኛ ወረቀት ላይ አገኘነው።

ትርጉሙን በመቀየሯ አገሪቱ አታለለች ማለታችን አይደለም፤ የቆላው ዛፍ ከጥንትም ነበር፣ መቆጠሩም ተገቢ ነው። አደጋው ያለው የ2010ን ቁጥር ከአሮጌው፣ የ2020ን ከአዲሱ አንሥቶ «ደን በ40 በመቶ አደገ» የሚል ጽሑፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዙር ያለፉትን ዓመታት ጭምር እንደ አዲስ ያሰላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከአንድ ዙር ብቻ ይውሰዱ፣ ዙሩንም ይጻፉ። ሌላ አገር ካመጡ ደግሞ የዚያንም መስፈርት ይዩ። ኬንያ 2 ሜትርና 15 በመቶ ትላለች፤ ቬትናም በ2017 ባወጣችው ሕግ ዝቅተኛውን ስፋት 0.3 ሄክታር አድርጋለች። የኬንያ የ2021 ቆጠራ ራሱ ሁለት ቁጥር አለው፤ የደን ሽፋን 8.83፣ የዛፍ ሽፋን 12.13 በመቶ። ሁለተኛው በእርሻ ዳርና በግቢ ያለውንም ዛፍ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የመናገሻ ሱባን ደን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል። እንዲያ ከሆነ የተተከለ ደን ነው ማለት ነው? (አንባቢ፣ ሰበታ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የደን ባለሙያን ለአፍታ ዝም የሚያሰኝ። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘርና ችግኝ አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ አስተክለዋል። ይሁንና መደቡ የሚወሰነው ዛሬ በቆመው ዛፍ ነው። ዛሬ የምናየው ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በአብዛኛው ከወደቀ ዘር የበቀለ ነው። ከዚያም ሌላ የፋኦ ትርጉም የተተከለ ይሁን የበቀለ መለየት ያልተቻለውን ደን ወደ ወፍ ዘራሹ ይደምረዋል። እናም የአፄው ደን ወፍ ዘራሽ ነው። ድንግል ደን ግን አይደለም፤ ያ መደብ የሰው እጅ ምልክት በግልጽ የማይታይበትን የአገር በቀል ዛፍ ደን ብቻ ነው የሚወስደው፣ እዚህ ደግሞ መጋዝ ገብቶ እንጨት ተሰንጥቋል።

እዚያው ተራራ ላይ በረድፍ የቆመው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በበኩሉ የተተከለ ነው። አንድ ተራራ፣ ሁለት መደብ።

ጥያቄ፦ በማኅበር ተደራጅተን ከእንጦጦ ሰንሰለት በስተ ምዕራብ አንድ ተዳፋት እንጠብቃለን። ድሮ ባሕር ዛፍ የተተከለበት ነው። ከሥሩ ጥድ፣ ወይራ፣ ቀጋና አጋም ራሱ እየመጣ ነው። መደቡ የትኛው ነው? ራሳችን እንዴት እንለካው? (የማኅበር አባላት፣ ቡራዩ)

መልስ፦ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ከገባ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች መልክ ይኸው ነው። ላይ ላዩን የተተከለ ዛፍ፣ ታች ወፍ ያመጣው። የነጭ ባሕር ዛፍ አናት ሳሳ ያለ በመሆኑ ብርሃን ያሳልፋል፤ ወፍ ቅርንጫፉ ላይ አርፋ የጥድና የወይራ ፍሬ ትጥላለች። የፈረንጅ ጥድ ሥር ይህን ያህል አያገኙም፤ ካልሳሳ በስተቀር ጥላው ድፍን ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከተተከለ ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጥ ሁሉ የተተከለ ነው፤ ባሕር ዛፉ አራት ጊዜ ተቆርጦ አራት ጊዜ ቢያቆጠቁጥም ወፍ ዘራሽ አይሆንም። ከወይራ ጉቶ የወጣ ቅርንጫፍ ግን ወይራው ድሮ ራሱ የበቀለ ከሆነ ወፍ ዘራሽ ነው። ከዚያ የሚቀረው ማን ይበልጣል የሚለው ነው፤ ሚዛኑም የእንጨቱ መጠን እንጂ የግንዱ ብዛት አይደለም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከተዳፋቱ ግርጌ እስከ አናቱ በቀጥታ መስመር ይውጡና በየ100 ሜትሩ 20 በ20 ሜትር የሆነ ናሙና ቦታ በገመድ ይከልሉ። ቦታውን ዓይናችሁ አይምረጠው፤ «ደህና ደህናው» ላይ ከወደቃችሁ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ለአሥር ሄክታር ስምንት እስከ አሥር ናሙና ይበቃል። በተዳፋት ላይ ገመዱን እንዳለ መሬት ለመሬት 20 ሜትር መጎተት ቦታውን ያሳንሰዋል፤ ስፋት የሚቆጠረው በአግድም ነውና። በአሥር ሜትር አግድም 3 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ወደ ላይ 20.9 ሜትር፣ 5 ሜትር የሚወጣ ከሆነ 22.4 ሜትር ይጎትቱ። ይህ ሲዘነጋ በገደላማው ላይ የዛፉ ቁጥር በአሥር በመቶ ያንሳል።

ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የእያንዳንዱን ግንድ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ከ1.3 ሜትር በታች የተከፈለ ግንድ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ያቆጠቆጠ ባሕር ዛፍ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። የእያንዳንዱን ዙሪያ በራሱ ያባዙና የተተከለውንና ወፍ ዘራሹን ለየብቻ ይደምሩ። ሌላ ቀመር አያስፈልግም፤ ድምሮቹን ማወዳደር ለመለየት ይበቃል። ለምሳሌ በአንዱ ናሙና ዙሪያቸው 48 ሴንቲ ሜትር የሆነ 12 የባሕር ዛፍ ግንዶችና 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ 40 ጥድና ወይራ አገኛችሁ እንበል። የባሕር ዛፉ ድምር 27,648፣ የሌላው 25,000 ይሆናል። በግንድ ብዛት አገር በቀሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ በእንጨት ግን ባሕር ዛፉ በጥቂት ይበልጣል። ዛሬ ከተጠየቃችሁ የተተከለ ነው።

ትርጉሙ ግን «ደኑ ሲደርስ» ስለሚል የማኅበሩ ዕቅድም ይታያል። ባሕር ዛፉን በየአምስት ዓመቱ እየቆረጣችሁ ጉቶውን የምትጠብቁ ከሆነ የተተከለ ሆኖ ይኖራል። ጉቶውን ልታስወግዱ ከሆነ ተዳፋቱ ወደ ወፍ ዘራሽ እየሄደ ነው፤ በመዝገባችሁም እንዲያ ብላችሁ ብትጽፉ አትዋሹም።

ታች ያለውን ቡቃያ በተለየ ሁኔታ ይቁጠሩ። በናሙናው አንድ ማዕዘን 5 በ5 ሜትር ይከልሉና በሦስት ቁመት ይለዩ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.3 ሜትር፣ ከዚያ በላይ። ቁጥሩን በ400 ማባዛት የሄክታሩን ይሰጣል (ትልልቁን ዛፍ ግን በ25)። በሽታው የሚታወቀው ከሦስቱ ዝምድና ነው። ትንንሹ እንደ አሸን ፈልቶ መካከለኛው ከሌለ ከብትና ፍየል እየገቡ ነው፤ ጫፉ ተቀጥፎ እንደ መጥረጊያ የተድበለበለ ወይራ ካያችሁ ሌላ ምስክር አትፈልጉም። ትንንሹ ራሱ ከጠፋና መሬቱ ከተጠረገ ለማገዶ ቅጠል እየተጠረገ ነው፤ መጥረጊያው ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ብቅሉንም ነቅሎ ይሄዳል። ትልልቁ ኖሮ ትንሹ ሣር ውስጥ ከጠፋ ደግሞ ከተከለለ በኋላ ሣሩ አንቆታል። አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ፣ ግን በማጭድና በእጅ፣ ችግኙ ላይ እንጨት ተተክሎ ምልክት ተደርጎ።

ባሕር ዛፉን ለማንሣት ከወሰናችሁ በአንድ ጊዜ አትመንጥሩት። በተዳፋቱ አግድም 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዘርፍ እየቆረጣችሁ አንዱን ዝለሉ፤ የቀረውን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ። ብርሃኑ ባንድ ጊዜ ሲገባ ሣር ይወርረዋል፣ ክረምቱም አፈሩን ይወስዳል። ግንዱ ጥድ ላይ እንዳይወድቅ በገመድ እየተሳበ ይጣል። ይህ እንዲያው ጥንቃቄ አይምሰላችሁ፤ የሐበሻ ጥድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ የተሰበረ ጥድ የሞተ ጥድ ነው። ወይራ ቢሰበር መልሶ ያወጣል። የባሕር ዛፉን ጉቶ ከመሬት እኩል ቆርጣችሁ ልጡን እስከ ሥሩ ላጡ፤ የሚወጣውን ቅርንጫፍ ደግሞ በዓመት ሁለት ሦስቴ ለጋ እያለ በእጅ ገንጥሉ። አንድ ክረምት ከዘለላችሁ ድካሙ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ ወፍ ዘራሽ ማለት አገር በቀል ማለት ነው? (አንባቢ፣ ሆለታ)

መልስ፦ አይደለም። መጤ ዛፍም ራሱን ዘርቶ ደን ከሠራ በዚሁ መደብ ይቆጠራል። አፋር ላይ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ ቁመቱንና ሽፋኑን ካሟላ በትርጉሙ ወፍ ዘራሽ ደን ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ወፍ ዘራሽ ደን ሲያድግ ከመደሰት በፊት የዛፉን ዓይነት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በአረንጓዴ ዐሻራ የተከልነው ችግኝ በየትኛው መደብ ይገባል? የደን ሽፋናችን 23.6 በመቶ ደርሷል የሚለውስ? (አንባቢ፣ ሰንዳፋ)

መልስ፦ ባዶ መሬት ላይ የተተከለው የተተከለ ደን ይባላል፤ አገር በቀል ቢሆንም። በሳሳ የተፈጥሮ ደን ውስጥ ክፍተት ለመሙላት የገባው ግን፣ ወፍ ዘራሹ በብዛት የሚያመዝን ከሆነ፣ የወፍ ዘራሹን መደብ አያስቀይርም። የችግኝ ቁጥርም ስፋት አይደለም። በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል ሄክታሩ 2,500፣ በ3 ሜትር 1,111 ችግኝ ይይዛል፤ የጸደቀው ብቻ ነው የሚቆጠረው።

የ2020ው የፋኦ መስመር ዘመቻው በ2019 ከመጀመሩ በፊት በተለካ ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ስለ አረንጓዴ ዐሻራ ክፉም ደግም አይናገርም። ቀድሞ ነበር ከሚባለው 17.2 ወደ 23.6 በመቶ በአራት ዓመት ማደግ ደግሞ ሰባት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ማለት ነው፤ ለዚያ ስፋት በ3 ሜትር ርቀት እንኳ ስምንት ቢሊዮን ያህል የጸደቀ ችግኝ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲቀርብ ካርታው የየትኛው ዓመት ነው፣ የቁመቱና የሽፋኑ መስፈርት ስንት ነው፣ ወፍ ዘራሹ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ መስፈርትና በአንድ ዓይነት ካርታ ካልተለኩ መቀናነስ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ የሳተላይት ካርታ የሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ቀበሌያችን በየዓመቱ «የዛፍ ሽፋን አጣች» ይላል። እኛ ዘንድ ግን ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ መልሶ ይወጣል። ማን ተሳሳተ? (አንባቢ፣ ለገዳዲ)

መልስ፦ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ የምትቆጥሩት ለየቅል ነው። ፋኦ ተቆርጦ በአምስት ዓመት ውስጥ መልሶ የሚበቅልን ደን ከደን አያወጣውም። ሳተላይቱ ግን ከ5 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ የነበረበት 30 በ30 ሜትር ቁራጭ ሲራቆት «ጠፋ» ብሎ ይመዘግባል፤ ባሕር ዛፍ ይሁን ጥድ አይለይም። በዚያ ካርታ አንድ ቁራጭ የሚመዘገበው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀበሌያችሁ የየዓመቱ ቁጥር የተለያዩ ሰዎች ማሳ ሲቆረጥ ነው፤ መልሶ የወጣው ግን ከድምሩ አይቀነስም። በዚህ መረጃ የጠፋውን ከ«ተገኘ» ካርታ ቀንሶ ሁለት አገር ማወዳደር አይቻልም፤ የተሠሩበት መንገድ የተለያየ ነው።

ለማጣራት ድረ ገጹ ቀይ ካደረጋቸው ቁራጮች 50 ነጥብ በዕጣ ይምረጡና በጉግል ኧርዝ የድሮ ምስሎች ከመቆረጡ በፊት፣ በዓመቱና ከሦስት ዓመት በኋላ ያለውን ይዩ። የጥርና የየካቲት ምስል ይምረጡ፤ ሣሩና አዝመራው ደርቆ አረንጓዴ የሚቀረው ዛፍ ብቻ ነው። የመስከረም ምስል የገብስ ማሳን ከለጋ ባሕር ዛፍ ያደባልቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመና ነው። ቅርጹ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ከሦስት ዓመት በኋላ መልሶ ከጠቆረ የማገዶና የአጣና ማሳ ነው። ዳሩ የተቦጫጨቀና ወደ እርሻ የሚዞር ከሆነ እውነተኛ ምንጣሮ ነው። ስድስት የማይሞሉ የተበታተኑ ቁራጮችን ይዝለሉ፤ ግማሽ ሄክታር የሚሞላው ስድስት ያህል ቁራጭ ሲያያዝ ነው።